ታላቁ መምህር በገዛ አፋቸው

የቤቴ የጀርባ ግድግዳና የንጋት ንቅናቄ ዋና ጽሕፈት ቤት ግድግዳ አንድ ነው። እነሱ ሲያስነጥሱ እኔ «ይማርህ» እላለሁ፤ እኔ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ እነሱ ግድግዳውን በቡጢ ይመታሉ፤ ስብሰባ ላይ ነን ማለታቸው ነው። ሃያ አምስት ዓመት እንዲህ ኖረናል። መጀመሪያ በስደት የድንበሩን ወንዝ ተሻግረው እዚህ ሜ ሶት ከተማ ሲገቡ ቤቱን የተከራዩት «ለስድስት ወር ነው» ብለው ነበር። እኔና ባሌም ወንዙን የተሻገርነው ለስድስት ወር ስለነበር አልሳቅንባቸውም።

ንቅናቄው ማለት ሊቀመንበሩ ኡ ሳን ዌይ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «ታላቁ መምህር» ነው የሚባሉት። በእርግጥም ከወንዙ ማዶ፣ አገር ቤት ሳሉ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ ተማሪዎቻቸው አሁን የት እንዳሉ ግን የሚያውቅ የለም። ግርማ ሞገስ የሚባለው ነገር ሲታደል እኚህ ሰው ባልዲ ይዘው ነው የተሰለፉት። ንግግር ሳይጀምሩ፣ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ሰው ማልቀስ ይጀምራል። እኔም አልቅሻለሁ። ቤት ገብቼ ምን ብለው እንዳስለቀሱኝ ለማስታወስ ስሞክር ግን አንድ ቃል አይመጣልኝም።

በየዓመቱ በታቦድዌ ወር፣ ደመና በማይታሰብበት ወቅት፣ የመሐላ ቀን ይከበራል። ታላቁ መምህር በዚያው የቀርከሃ መድረክ ላይ፣ ያንኑ ኮሌታ የሌለው ነጭ ጃኬት ለብሰው ይናገራሉ። ንግግሩ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ካሴቱ ተባዝቶ በደረቅ ኑድል ካርቶን ውስጥ ወንዙን ይሻገራል፤ ማዶ ያሉት መጋረጃ ዘግተው ያዩታል። ጃኬቱን የምሰፋው እኔ ነኝ። «ሕዝቡ ተለውጬ ማየት የለበትም» ስላሉኝ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አንድ ዓይነት ሰፍቻለሁ፤ ሆዳቸው ሲጨምር ጎኑን እየለቀቅሁ፣ ትከሻቸው ሲወርድ ስፖንጅ እየከተትሁ።

ጣጣው የመጣው ከደንቡ ነው። የንቅናቄው ደንብ ጫካ ውስጥ፣ በወባ ትኩሳት መሀል የተጻፈ ነው። አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ «መሥራቹን የሚተካው፣ መሥራቹ በመሐላ ቀን፣ በሕዝብ ፊት፣ በገዛ አፋቸው ስሙን የጠሩት ሰው ነው።» ስንት ጊዜ «ይለወጥ» ተብሎ ነበር። ለመለወጥ ግን የታላቁ መምህር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ታላቁ መምህር ደግሞ «ምን አስቸኮላችሁ?» ይላሉ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ሄደ፤ አንደበታቸውም ሄደ። ጽሕፈት ቤቱ «ታላቁ መምህር በጥልቅ ተመስጦ ላይ ናቸው» የሚል መግለጫ አወጣ። ከሆስፒታሉ የጽዳት ሠራተኞች ግማሾቹ የእኛው ሰፈር ሰዎች ስለሆኑ መግለጫው ከመታተሙ በፊት ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ቢሆንም ለጨዋነት ሲባል ሰው ሁሉ «ተመስጦው እንዴት አደረ?» እያለ መጠየቅ ጀመረ።

ምክትላቸው ኡ ታ ዱን ይባላሉ፤ «ኡ» ማክበሪያ ነው፣ ስማቸው ታ ዱን ነው። ሃያ አራት ዓመት ምክትል ሆነዋል። ቀጭን ናቸው፤ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚታኘከውን፣ ጥርስ የሚያቀላውን ኩን ከአፋቸው አይለዩም፤ አንድ ክፍል ሲገቡም ክፍሉ ልብ አይላቸውም። አንድ ጊዜ ራሳቸው በሚመሩት ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ጎደለ ተብሎ በር በር ሲታይ፣ የጎደሉት እሳቸው ሆነው ተገኙ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው። ሊቀመንበር መሆን ግን ይፈልጋሉ። ለማንም ተናግረው አያውቁም። ለእኔ ብቻ፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስለው «ለመሆኑ እንዲህ ያለ ጃኬት እንደኔ ለከሳ ሰው ስንት ሜትር ይፈጃል?» ብለው ጠይቀውኛል።

ወንበሩን የሚፈልግ ሌላም ሰው አለ። ዶክተር ሞ ቶን፣ ከድንበሩ ርቆ ትልቁ ከተማ ቺያንግ ማይ የሚኖረው የውጭ ግንኙነት ኃላፊ። የምን ዶክተር እንደሆነ አይታወቅም፤ ሰው ሲታመም ዞር ማለት ይወዳል። እሱ ደግሞ «አፍ ከሌለ አንቀጹም የለም፤ ኮሚቴው በድምፅ ይምረጥ» ይላል። ከአሥራ ሰባቱ ኮሚቴ አሥራ አንዱን በምሳ ግብዣ ይዟል። ከተመረጠ ጽሕፈት ቤቱን ወደ ቺያንግ ማይ ሊወስድ፣ ኡ ታ ዱንን ደግሞ «የክብር አማካሪ» ሊያደርጋቸው ነው። በንቅናቄው አነጋገር ቤትህ ተቀመጥ ማለት ነው።

የመሐላ ቀን አንድ ወር ሲቀረው ኡ ታ ዱን በኋላ በር መጡ። ካሜራማኑ ዋይ ያን ካርቶን ተሸክሞ ከኋላቸው ነበር። ዋይ ያን አርባ ሊሞላው ነው፤ የሚበላው ሰርግ ቀርጾ ነው፤ ለንቅናቄው የሚቀርጸው ለነፍሱ ነው።

«ዶ ትዌ፣ ያ የድሮ የካሴት ማጫወቻሽ ይሠራል?» አሉኝ።

«ይሠራል። የሰርጌን ካሴት ሊያዩ ነው?»

«ኧረ ተይ። ሥራ ነው።»

«የቢሮውስ?»

«የቢሮውን አይጥ በላው። ደግሞ ቢሮ ውስጥ ጆሮ አለ።»

«እዚህም አለ፤ የኔ።»

«ያንቺንማ ለምደነዋል» ብለው ተቀመጡ።

ዋይ ያን ካርቶኑን ፈታ። ሃያ አምስት ካሴት ነው፤ የሃያ አምስት የመሐላ ቀን። ነገሩ የገባኝ ሁለተኛው ካሴት ላይ ስንደርስ ነው። ታላቁ መምህር ከዚህ በኋላ መናገር ካልቻሉ፣ ከዚህ በፊት የተናገሩት አለ። አንቀጽ አራት «በገዛ አፋቸው» ይላል እንጂ በየትኛው ዓመት አፋቸው እንደሆነ አይልም። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ «ታ ዱን» ብለው ከጠሩ፣ ስሙ ይገኛል ማለት ነው።

ሳምንት ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ አዩ። እኔ ሽርጥ ጫፍ እየሰፋሁ አብሬ አየሁ። ታላቁ መምህር ስም መጥራት ይወዳሉ፤ ያንን ልመሰክር እችላለሁ። ሦስተኛው ካሴት ላይ አንድ ጓዳቸውን «የንቅናቄው አንበሳ» ብለው ጠሩት፤ አንበሳው አሁን ኖርዌይ ልብስ ያጥባል። ከአምስተኛው ጀምሮ አንድ ከሃዲ በየዓመቱ በስሙ ይረገማል። ዶክተር ሞ ቶን አራት ካሴት ላይ «ወንድማችን ሞ ቶን ከቺያንግ ማይ ድረስ ደክሞ» እየተባለ ተመስግኗል። የቢሮው ውሻ ሁለት ጊዜ ተነስቷል፤ ሁለቱንም በጥሩ።

«ምክትላቸውን በስም መጥራት ምን ያደርግላቸዋል» አሉ ኡ ታ ዱን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ሰው የገዛ ክንዱን በስም አይጠራም።»

«ክንዱም ሲያመው ይጠራዋል» አልኩ።

ዋይ ያን ሳቁን በሳል አሳለፈው።

አሥራ ሰባተኛው ካሴት ላይ ተገኘ። ያን ዓመት ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ በመሐላ ቀን ዘንቦ ነበር። ታላቁ መምህር መድረክ ላይ ናቸው፤ ከሥዕሉ ጠርዝ አንድ እጅ ጃንጥላ ይዞ ወጥቷል፤ የእጁ ባለቤት አይታይም። ታላቁ መምህር ንግግራቸውን አቋረጡና ወደ ጎን ዞረው እንዲህ አሉ፦

«ታ ዱን፣ ወደኔ አስጠጋው እንጂ። አንተ ብትበሰብስ ማን ያይሃል?»

ሕዝቡ ካሴቱ ውስጥ ሳቀ። እጁ ጃንጥላውን ሙሉ በሙሉ ወደ ታላቁ መምህር አስጠጋ። ንግግሩ ቀጠለ።

ዋይ ያን ማጫወቻውን አቆመ። ኡ ታ ዱን ኩናቸውን ሊተፉ ወደ ጓሮ ወጡ። ኩን መትፋት ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ሲመለሱ ዓይኔን ወደ መርፌዬ አደረግሁ።

«ይሄው ብቻ ነው?» አሉ።

«እስካሁን ይሄው ነው፣ አጎቴ። ስምንት ካሴት ይቀራል።»

ስምንቱንም አዩ። ምንም የለም።

ከዚያ ዋይ ያን ሐሳቡን አመጣ። «ስሙ አለን» አለ። «አምስተኛው ካሴት ላይ ደግሞ ‹ከእኔ በኋላ ይህን ሸክም የሚሸከመው› የሚል አለ። ያኔ እርግማን ሊቀጥሉበት ነው፤ እኔ ግን እዚያው ላይ እቆርጠዋለሁ። አንድ ‹ነው› ከሌላ ቦታ አመጣለሁ። ጃኬቱ አንድ፣ መድረኩ አንድ፣ ድምፁ አንድ። ማን ያውቃል?»

«ውሸት ነው» አሉ ኡ ታ ዱን።

«የቱ ላይ ነው ውሸቱ? ቃሉ ሁሉ የእሳቸው ነው። እኔ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የማስተካክለው።»

«ሰርግ ላይም እንዲህ ነው የምታደርገው?» አልኩት።

«አክስቴ፣ ባለፈው ወር አንዱ ሙሽራ ሲያዛጋ ቀረጽሁት። ሙሽሪት ስትገባ በውበቷ አፉን ከፍቶ እንደቀረ አድርጌ አስገባሁት። እናቱ አልቅሳ ጨመረችልኝ።»

ኡ ታ ዱን «አይሆንም» ብለው ሄዱ። ግድግዳው አንድ ነውና ያን ቀን ሲንጎራደዱ ሰማኋቸው። በማግስቱ ዶክተር ሞ ቶን ከቺያንግ ማይ መጣ፤ አዲስ ፕሮጀክተርና «የክብር አማካሪ» ተብሎ የታተመ ካርድ ይዞ። ካርዱ ላይ የኡ ታ ዱን ስም አለ፤ ያውም ሆሄው ተሳስቷል። ካርዱን ተቀብለው አመስግነው፣ በኋላ በር ወደኔ መጡና «ዋይ ያንን ጥሪልኝ» አሉ።

የመሐላ ቀን ደረሰ። ሰፈራችን ባለው የቡድሃ ገዳም ግቢ ውስጥ አዳራሽ ተሰጠን፤ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፈኑት፤ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። ከስደተኛ ካምፖቹ፣ ከሹራብ ፋብሪካዎቹ፣ ከበቆሎ እርሻው ሦስት መቶ ያህል ሰው መጣ። ታላቁ መምህር በተሽከርካሪ ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እኔ የሰፋሁትን አራተኛውን ጃኬት ለብሰው። «ታላቁ መምህር ከተመስጧቸው አልወጡም፤ መልእክታቸው ግን በፊልም ተዘጋጅቷል» ተባለ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ነጭ አንሶላ ምስላቸው ሲወጣ አዳራሹ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ሦስት ጊዜ ሰገደ። ከፊት የተቀመጡትን ራሳቸውን ታላቁን መምህር ትተው ለአንሶላው ሰገዱ። እሳቸውም ቢሆን አልከፋቸውም፤ ዓይናቸውን ከአንሶላው አልነቀሉም። ሰው ሌላ ሰውን እንዲያ በፍቅር ሲመለከት አይቼ አላውቅም።

ፊልሙን በተመለከተ፣ ዋይ ያን የለመደው ሰርግ መሆኑን አትርሱ። አንዱን ዓመት ከሌላው ዓመት ባገናኘ ቁጥር የአበባ ቅጠል ይረግፋል። ታላቁ መምህር ጥቁር ፀጉር ይዘው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉ፤ አበባ ይረግፋል፤ በሽበት ይጨርሱታል። ቀጥለው እንደገና ወጣት ይሆናሉ። የሚሉት ግን ልክ መጣ፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሚናገሩት ያንኑ ስለነበር መጋጠሚያው አይታወቅም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ወደ መጨረሻው፣ እንዲህ ሆነ። በጠራራ ፀሐይ «ከእኔ በኋላ ይህን ሸክም የሚሸከመው» አሉ፤ አበባ ረገፈ፤ ድንገት ዶፍ ዝናብ ወረደ፤ «ታ ዱን» አሉ፤ አበባ ረገፈ፤ ዝናቡ ቆመና በጠራራ ፀሐይ «ነው» አሉ።

ዋይ ያን ከፕሮጀክተሩ ጀርባ ዓይኑን ጨፈነ። ዝናቡን ረስቶታል። ሳምንት ሙሉ ድምፁን ሲያስተካክል ሰማዩን አላየውም።

መጀመሪያ የተናገሩት ዶ ኬት ኬት ናቸው። እኚህ አሮጊት ጫካ ውስጥ ደንቡን በእጃቸው የጻፉ ናቸው፤ ታላቁ መምህር እየነገሯቸው፣ በወባ እየተንቀጠቀጡ።

«ዘነበ» አሉ ቀስ ብለው። «ስሙን ሲጠሩት ዘነበ።»

«በታቦድዌ ወር» አለ አንዱ ከኋላ።

«በታቦድዌ ወር» አለ ሌላው።

ዶክተር ሞ ቶን ብድግ አለ። «ወገኖቼ፣ ይሄ የተገጣጠመ ፊልም ነው። ፀጉራቸውን አላያችሁም? አንዴ ጥቁር፣ አንዴ ነጭ።»

«ልጄ፣ የታላቅ ሰው ፀጉር እንደ ፈቃዱ ነው» አሉት ዶ ኬት ኬት።

«አበባውስ?»

«አበባው ደግሞ ምን አደረገህ?»

ሳቅ ሆነ። ዶክተሩ ተቀመጠ። ከኋላ ያሉት የበቆሎ ቆራጮች እየተነሱ፣ እየተጎነበሱ፣ ወደ ኡ ታ ዱን መሄድ ጀመሩ። አንዷ ሴት እግራቸው ሥር ሰገደች። ኡ ታ ዱን በሕይወታቸው ሰው ሰግዶላቸው አያውቅም፤ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው እሳቸውም መልሰው ሊሰግዱላት ጎንበስ ሲሉ ራስ ለራስ ተጋጩ።

ከዚያ ተነሱ። ኩናቸውን በመሀረብ አወጡ። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደው ታላቁን መምህር አዩአቸው፤ ታላቁ መምህር ግን ባዶውን አንሶላ እየጠበቁ ነበር።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ» አሉ። ማይክራፎን ስላልያዙ ሰው ሁሉ ወደፊት አዘነበለ። «ዶክተር ሞ ቶን ያለው እውነት ነው። ዝናቡ የአሥራ ሰባተኛው ዓመት ዝናብ ነው። ታላቁ መምህር እኔን አልሾሙኝም። ስለ ጃንጥላ ነው የተናገሩት። ዋይ ያን፣ ሙሉውን አሳያቸው።»

«አጎቴ…»

«አሳያቸው አልኩ።»

ዋይ ያን አሳየ። ያለ አበባ። ዝናቡ፣ ከጠርዝ የወጣው እጅ፣ «አንተ ብትበሰብስ ማን ያይሃል?»፣ ሳቁ፣ የተጠጋው ጃንጥላ። አሁን አዳራሹ ውስጥ የሳቀ የለም። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ነጠላ ጫማዬን በእግሬ መፈለግ ጀመርሁ።

«ያ እጅ የማን ነው?» አለ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ።

«የኔ ነው» አሉ ኡ ታ ዱን።

«እስኪ ሌላውን ዓመት አሳዩን።»

ዋይ ያን ከካሴት ወደ ኮምፒዩተሩ የገለበጣቸውን ቀሪ ፋይሎች ከፈተ። ስድስተኛው ዓመት ላይ እጁ የውሃ ብርጭቆ ይዞ ብቅ አለና ተመለሰ። ዘጠነኛው ላይ ንፋስ የወሰደውን ወረቀት ያዘ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ከታላቁ መምህር ትከሻ ላይ አንድ ጉንዳን አነሳ። ንግግሩን የሚያዳምጥ የለም፤ ሰው ሁሉ የሥዕሉን ጠርዝ ነው የሚጠብቀው። እጁ ሲወጣ አዳራሹ ይነቃነቃል፤ ሲገባ ይተነፍሳል። ሃያኛው ዓመት ላይ እጁ እስከ መጨረሻው ሳይወጣ ቀረና ሰው «የት ሄዶ ነው?» አለ።

«ታይፎይድ ታምሜ ነው» አሉ ኡ ታ ዱን።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እንግዲህ» አለ ዶክተር ሞ ቶን፣ ላቡን እየጠረገ፣ «ራሳቸው አምነዋል። ታላቁ መምህር የተቆጧቸው እንጂ የሾሟቸው አይደለም። አንቀጽ አራት አልተሟላም።»

ዶ ኬት ኬት መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቀጽ አራትን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመሐላ ቀን ይላል፤ የመሐላ ቀን ነበር። በሕዝብ ፊት ይላል፤ ሕዝብ ነበር። በገዛ አፋቸው ስሙን የጠሩት ይላል፤ ጠርተውታል። በደስታ ይጥሩት፣ በቁጣ ይጥሩት፣ እሱን አልጻፍኩም።»

«የእኔንስ ስም አራት ጊዜ ጠርተው የለ?» አለ ዶክተሩ።

«አንተን አመስግነው ሸኙህ። እሱን ግን ሥራ አዘዙት» አሉት።

እጅ ይውጣ ሲባል የወጣውን እጅ መቁጠር አላስፈለገም። የኮሚቴው አሥራ አንዱ የምሳ እንግዶችም አዳራሹን ዞር ብለው አይተው እጃቸውን አወጡ። ከኮሚቴው ቀድሞ ኡ ታ ዱን ፊት የተንበረከከው ዶክተር ሞ ቶን ነው፤ ሰውየው የሚታማው በብዙ ነገር ነው እንጂ በዝግተኝነት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሦስት ሳምንት ለእኔ ሰርግ ነው የሆነልኝ። በመጀመሪያ የእጁ ነገር መጣ። የካምፕ እናቶች ልጅ ታቅፈው ይመጣሉ፤ «ፊታቸውን አላስቸግርም፤ እጃቸው ብቻ ትንካልኝ» ይላሉ። ኡ ታ ዱን ከኩኑ የተነሳ ጣታቸው ቀይ ስለሆነ ሳሙና ገዝተው በር ላይ አስቀመጡ። የንቅናቄው የቀን መቁጠሪያ ሲታተም ላዩ ላይ የወጣው እጃቸው ብቻ ነው። «ፊቴስ?» ብለው ዋይ ያንን ጠየቁት። «ፊትዎን ሰው ገና አልለመደውም፣ አጎቴ። ቀስ እያልን እንጨምረዋለን፤ ዘንድሮ እስከ ክርን» አላቸው።

ቀጥሎ ኮሚቴው መጣ። አሥራ ሰባቱም፣ አንድ በአንድ፣ በኋላ በር፣ የየራሳቸውን ምክንያት ይዘው። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ አዲሱ ሊቀመንበር በካሜራ ፊት ስሙን አንድ ጊዜ እንዲጠሩለት። ሰው ይታመማል፤ ሰው ይሞታል፤ አንቀጽ አራት እንደሆነ አልተነካም። ኡ ታ ዱን «ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?» ብለው ነበር። ኋላ ግን ሃያ አምስት ካሴት እያገላበጡ የተቀመጡባቸው ቀናት ትዝ አሏቸው መሰለኝ፣ አንድ ከሰዓት ሙሉ ጓሮዬ ውስጥ ወንበር አውጥተው ተቀመጡና ሁሉንም በስም ጠሩ። በደንብ፣ በቀስታ፣ አንዱ ስም አጥርቶ ካልወጣላቸው ዋይ ያንን እያስደገሙ። ዶክተር ሞ ቶን ጉሮሮውን ጠርጎ «የኔን በዝናብ ማድረግ ይቻላል?» አለ። ሰው ሊስቅ ሲል ከኮሚቴው ስድስቱ «እኛም» አሉ። የአትክልት ማጠጫዬን ጎማ ጣሪያው ላይ ሰቀሉት። የውሃው ቆጣሪ የኔ ነው፤ ምን ይደረግ፣ ጎረቤት ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይደረግ ቀርቶ ነበር። ኡ ታ ዱን ለታላቁ መምህር አልነገሯቸውም። በየቀኑ «ነገ እሄዳለሁ» ይላሉ። አንድ ከሰዓት ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው መጡና «ዶ ትዌ፣ አብረሽኝ ነይ» አሉ።

«እኔ ምን ልሠራ?»

«ጃኬታቸውን ልትለኪ ነው የመጣሽው እላለሁ።»

«መቼ ሊለብሱት ነው የምለካው?»

«ነይ ብቻ አልኩሽ።»

ሄድን። ታላቁ መምህር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። ዋይ ያን ሃያ አምስቱንም ንግግር በተከታታይ አድርጎላቸዋል፤ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የምታስታምማቸው ልጅ ኪን ሱ ሩዝ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች፤ እሳቸው አፋቸውን የሚከፍቱት ንግግሩ ላይ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ነው። ቤቱን ሁሉ የእሳቸው ድምፅ ሞልቶታል።

ኡ ታ ዱን ከፊታቸው ተንበረከኩ። ሦስት ጊዜ ሰገዱ፤ በመጨረሻው ላይ ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ።

«ታላቁ መምህር፣ ሕዝቡ እኔን መርጧል። በእርስዎ ቦታ። እርስዎ ስሜን ስለጠሩት ነው። ስለ ጃንጥላ እንደነበር ነግሬያቸዋለሁ፤ አልደበቅሁም። ሃያ አራት ዓመት ከጎንዎ ነበርኩ። አንድ ነገር ይበሉኝ። በዓይንዎም ቢሆን ይበቃኛል።»

ታላቁ መምህር አንገታቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ። ኡ ታ ዱን ያንን አይተው ቀረብ አሉ። ታላቁ መምህር አሁን ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ከዚያ ደህናውን ግራ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አነሱና ወደ ኡ ታ ዱን ዘረጉት። እኔ እንኳ፣ ይሄን ሁሉ ያየሁት፣ በኡ ታ ዱን ራስ ላይ ሊያስቀምጡት ነው አልኩ።

እጁ አየር ላይ ቆየና ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ተወዛወዘ።

ኡ ታ ዱን ወደ ኪን ሱ ዞሩ። «ምን ማለታቸው ነው?»

ልጅቱ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። እኔን አየችኝ፤ ቢጨንቃት ነው።

«ቴሌቪዥኑን ጋርደውባቸው ነው፣ አጎቴ።»

ኡ ታ ዱን እንደተንበረከኩ፣ በጉልበታቸው፣ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ታላቁ መምህር እጃቸውን ወደ ጭናቸው መለሱ። ፊታቸው በራ። ኡ ታ ዱን እግራቸውን አጥፈው ከወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ እሳቸውም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

«ኪን ሱ» አሉ፣ «ድምፁን ትንሽ ጨምሪላቸው።»